ስትነዱ የሚያፏጭ መኪና፦ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት የድምፁን ምንጭ ማግኘት

መኪናችሁ ስትነዱት “ዊይይይ” እያለ ያፏጫል እንበል። ጋራዥ ሄዳችሁ “ይጮኻል” ብቻ አትበሉ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ዕቃ አስለውጦ ይወጣል፤ ድምፁም አብሮት ቤቱ ይገባል። መካኒኩ የግድ አታላይ ሆኖ አይደለም፤ ሲቆም ዝም የሚል መኪና ስለቀረበለት ነው። እናንተ መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ። ድምፁ የሚከተለው ማንን ነው? ሞተሩን፣ መሪውን ወይስ ጎማውን?

1. ቆማችሁ አዳምጡ

ሬዲዮውን ዝጉ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ “ፒ” ላይ ይሁን። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ነዳጅ ስጡ። ድምፁ ከሞተሩ ጋር አብሮ እየቀጠነ ከወጣ፣ ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኮፈኑ ስር ነው። ጭራሽ ካልተሰማ ደግሞ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) እስከ ጎማ ባለው መስመር ፈልጉት። አሁን መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ። ያኔ ብቻ የሚያቃስት ከሆነ የመሪው ፓምፕ ይጠረጠራል።

2. የመሪ ዘይት

የዘይት መያዣውን ክፈቱ። ዘይቱ ከታችኛው መስመር ወርዷል? አረፋ ይታያል? አረፋ ካለ አየር ገብቷል። ክዳኑ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ሙሉ። “ሁሉም አንድ ነው” የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ አትስሙት።

አየሩን ለማስወጣት የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሡና በጠንካራ መደገፊያ አሳርፉ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ አዙሩ፤ ዘይቱ ሲጎድል ሙሉ። አረፋው ሲያልቅ ሞተሩን አስነሥታችሁ ድገሙት። መሪውን ጥግ አድርሳችሁ ግን ጠምዝዛችሁ አትያዙ፤ እንደዚያ ከተያዘ ጤነኛ ፓምፕም ይጮኻል። ዘይቱ በራሱ አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፣ እሱ ካልተደፈነ መሙላቱ ዋጋ የለውም።

ቪትዝ ያላችሁ ይህን ዝለሉት። መሪው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ዘይት የለውም።

3. ቺንጋና ዲናሞ

ሞተሩን አጥፉና ቺንጋውን፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞረውን የላስቲክ ቀበቶ እዩ። የተሰነጠቀ፣ ያብለጨለጨ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ይቀየር። ደህና ከመሰለ ሞተሩን አስነሥታችሁ ትንሽ ውሃ ከርቀት ርጩበት። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ቺንጋው የሚዞርባቸው ፑሌዎች መስመራቸውን ስተው ሊሆን ይችላል። ከባሰበት ቺንጋው ላልቷል። መብራቱንና ማቀዝቀዣውን ስታበሩ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ይፈተሽ። ነጠላ፣ ረጅም እጅጌና የተለቀቀ ፀጉር ከሚሽከረከር ቺንጋ አጠገብ አይቅረቡ!

4. መንገድ ላይ

ይህ ጭር ያለ አስፋልት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ እሁድ በማለዳ ቀለበት መንገድ ይመቻል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ ፍሪሲዮን ርገጡና የሞተሩን ድምፅ አውርዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ እግራችሁን ከነዳጁ አንሡ። ቁልፉን ግን እንዳታጠፉ፤ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ሞተሩ ረግቦ ጩኸቱ በፍጥነታችሁ ልክ ከቀጠለ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ዕቃ) ወይም ጎማው ራሱ ነው።

ሁለቱን መለየት ይቻላል። አስፋልቱ ሲቀየር ድምፁም ከተቀየረ ወደ ጎማ ያደላል። ጎማው ላይ እጃችሁን ዳስሱ፤ እኩል ያልተበላ ከሆነ ጎሚስታው የፊቱን ከኋላው ያለዋውጠው። ድምፁ ቦታ ከቀየረ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ) ግን አስተካክሉ፣ ካለዚያ አዲሱም ጎማ እንዲሁ ይበላል።

ኩሽኔታ ከሆነ ስትታጠፉ ራሱን ያጋልጣል። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ ያኔ ከበረታ ብዙውን ጊዜ የቀኙ ነው። ወደ ቀኝም እንዲሁ በተቃራኒው። መኪናውን አንሥታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ከዚያም አሽከርክሩት። ልል ወይም ሻካራ ከሆነ ሳትዘገዩ አስቀይሩ፤ ችላ የተባለ ኩሽኔታ ጎማ እስከማስወለቅ ይደርሳል። ሲገጠም በመዶሻ ሳይሆን በፕሬስ (በመጫኛ ማሽን) ይግባ።

5. ካምቢዮና ዲፈረንሻል

ዜሮ ማርሽ ላይ ቆሞ የሚያፏጨው ፍሪሲዮን ስትረግጡ ዝም ካለ፣ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ስትረግጡ ከጀመረ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሃይሉክስና ሃይሩፍ ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ከኋላ የሚጮኽ፣ እግራችሁን ስታነሡ የሚቀየር ድምፅ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ነው። የዲፈረንሻሉን ዘይት ስታዩ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ብሎን ፍቱ። አልፈታ ብሎ ዘይቱን አፍስሳችሁ ብትቀሩስ?

ከኋላ ወንበር ስር የሚመጣ ድምፅ ግን የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ታንከር ውስጥ ያለ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው። ሰልፍ ፈርታችሁ ሁልጊዜ በሪዘርቭ የምትነዱ ከሆነ ፓምፑን እየጎዳችሁት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ ቶሎ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ቀስ ሲሉ እግረኛ እንዲሰማቸው ሆን ብለው ድምፅ ያወጣሉ።

አሁን ጋራዥ ስትሄዱ መካኒኩን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ ንዱ። “ከ60 በላይ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ፣ ከቀኝ ፊት” በሉት። ዕቃ ከቀየረም አሮጌውን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።