ጎደሬን እንደ ድንች አትቀቅሉት

ያደግሁት ጎንደር ነው። ሁዳዴ ሲገባ በእናቴ ቤት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች 55ቱን ቀን እየተፈራረቁ ይዘልቃሉ። በነርስነት አርባ ምንጭ ተመድቤ የሄድኩት ልክ በጾም መግቢያ ላይ ነበር። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል ገበያ ስወጣ ድንቹ ጥቂት፣ ጭቃ የለበሰው ጎደሬ ግን ክምር ሆኖ አየሁ። ሥር ሥር ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ውኃ ውስጥ ነክሬ ላጥኩት፣ ከተፍኩት፣ ቁሌቱ ላይ ጨምሬ ሩብ ሰዓት ያህል ካንተከተክሁት በኋላ አወጣሁት።

እጄ ገና ስልጠው ጀምሮ ያሳክከኝ ነበር። መጀመሪያው ጉርሻ ላይ ጉሮሮዬን በመርፌ የወጉኝ መሰለኝ። አከራዬ ድስቱን ከፍተው አዩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ድንች አይደለም። መጀመሪያ ከነልጣጩ ነው የሚቀቀለው» አሉኝ። በማግሥቱ አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። እስከ ዛሬ የምሠራው እንደሳቸው ነው።

ምክንያቱን ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። ጎደሬ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ በዓይን የማይታይ፣ እንደ መርፌ የሾለ ነገር አለ። የሚያሳክከው እሱ ነው። በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ስለዚህ ጎደሬ ላይ ችኮላ የለም።

አንድ ኪሎ ጎደሬ ስትገዙ መጠናቸው የተቀራረበ፣ ጠንካራና ያልለሰለሱትን ምረጡ። ጭቃውን በብሩሽ አራግፋችሁ እጠቡና ሳትልጡ በብዙ ውኃ ጣዱት። ጡጫ የሚያህለው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። ቢላ ስትሰኩበት መሐል ድረስ ያለ ትግል መግባት አለበት፤ መሐሉ ጠንከር ካለ ይመለስ። የተቀቀለበትን ውኃ ድፉት፣ ለወጥ አትጠቀሙበት። ልጣጩ ገና ሞቅ እንዳለ በጣት ይገፈፋል። የግድ በጥሬው መላጥ ካለባችሁ እጃችሁን ዘይት ቀብታችሁ፣ ጎደሬውም ደረቅ ሆኖ ይሁን።

ለወጡ ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ ያለ ዘይት አቁላላለሁ። ውኃውን ሲጨርስ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት፣ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ እንዳያር ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረግሁ 20 ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እጨምራለሁ። እዚህ ላይ ለድንች ወጥ ከምታደርጉት ውኃውን በአንድ ብርጭቆ አብዙት፤ ጎደሬ መረቁን ራሱ ያወፍረዋል፣ ሳታስቡት ገንፎ ይሆንባችኋል። ቆራርጣችሁ ጨምሩና አሥር ደቂቃ በለዘብተኛ እሳት ይንተክተክ። በማማሰያ አታድቅቁት፣ ድስቱን በጆሮው ይዛችሁ መነቅነቅ ይበቃል። መከለሻውን መጨረሻ ላይ። የአካባቢው ሰው ግን ቅቅሉን በዳጣ፣ ማለትም ከቃሪያና ከቅመም በሚፈጭ ማባያ፣ ብቻ ይበላዋል። እውነቱን ልናገር፣ ለእኔም ከወጡ ይልቅ እሱ ይጥመኛል።

አከራዬ ያስተማሩኝ ሌላው ነገር የሽፈራው ቅጠል አሠራር ነው፤ እዚያ ሃሌኮ ይሉታል። የደቡቡ ሞሪንጋ ማለት ነው። ኮንሶም ጋሞም በየግቢው ይተከላል፣ ድርቅ ይችላል። ቅጠሉን ከዘንጉ መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ታች ስትስቡት ቅጠሉ ይረግፋል። ዘንጉን አታስገቡ፣ እንጨት ነው። ውኃው ሲፈላ ቅጠሉን ጨምራችሁ 15 ደቂቃ ቀቅሉና ቅመሱት። ከመረረ አጥልላችሁ በሌላ ሙቅ ውኃ ድገሙት። ከዚያ በኋላ እንደ ጎመን ነው፤ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከላይ ቃሪያ። እቅፍ የሚሞላው ቅጠል አንድ ሳህን ስለሚሆን ስትገዙ አትሳሱ።

ኮንሶዎች ከዚሁ ቅጠል ጋር ኩርኩፋ ይሠራሉ። የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት በውኃ ጠንከር አድርጎ አቡክቶ፣ ሽምብራ በሚያህል መጠን አድበልብሎ የሚፈላ ውኃ ውስጥ መጨመር። እኔ ለሁለት ሰው ሦስት ሲኒ ዱቄት እወስዳለሁ። ድብልብሉ ሩብ ሰዓት ያህል ከበሰለ በኋላ ቅጠሉ ይጨመርና አብሮ ይበስላል። ምሳ በልተው እስከ ማታ የማይራቡበት ምግብ ነው።

አዲስ አበባ በብዛት የሚገኘው የደረቀውና የተፈጨው ሽፈራው ነው። ዱቄቱ ጎመን አይሆንም፤ ሞክሬው አረንጓዴ ጭቃ ነው የሆነብኝ። ሽሮው ሊወርድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ነስንሱበት፣ በቂው ነው።

ጥሬ ሙዝ ደግሞ ቀላል ነው። አርባ ምንጭ ሙዙ ሞልቷል፣ ሌላ ከተማ ያላችሁ ገና ያልቀላ፣ ጥጥር ያለ አረንጓዴውን ጠይቁ። ጫፍና ጫፉን ቆርጣችሁ፣ ልጣጩን በርዝመቱ በቢላ ሰንጥቃችሁ ከነልጣጩ በጨው ውኃ 20 ደቂቃ ቀቅሉት። ወተት የመሰለው ፈሳሹ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም፣ ቢላውን ዘይት ቅቡት፣ አሮጌ ነገር ልበሱ። ልጣችሁ ከቆራረጣችሁ በኋላ በእርድ፣ በዝንጅብልና በቃሪያ አልጫ ይሆናል።

ጥሬ ጎደሬ ሲተርፋችሁ ሳታጥቡ ከነጭቃው ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት። የተቀቀለው ከተረፈ በማግሥቱ በስሱ ቆራርጣችሁ በዘይት ጥበሱትና ሚጥሚጣ ነስንሱበት። ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ ለስላሳ ይሆናል። እኔ ቤት ልጆቹ ለዚህ ሲሉ ወጡ ላይ አይበረቱም፣ እንዲተርፍ ይፈልጋሉ።