ጥንቸል አዳኝ ውሻ ያለ ምክንያት ሲጮህ እንዴት ይታረማል?

ቢግል የሚባለው ጥንቸል አዳኝ ውሻ ጫካ ውስጥ መጮሁ ራሱ ጥፋት አይደለም። ሥራው ነው። አዳኙ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባውን ውሻ አያየውም፤ በጆሮው ነው የሚከተለው። ጥንቸሏ ወዴት እንደታጠፈች፣ እየቀረበች ይሁን እየራቀች የሚነግረው ያ ድምፅ ነው። በተለይ ኮተንቴይል የምትባለው ጥንቸል ሰፈሯን ለቃ መሄድ አትወድም። ስትባረር ዞራ ዞራ ወደ ተነሣችበት አካባቢ ትመለሳለች። አዳኙም አንድ ቦታ ቆሞ ጩኸቱን እያዳመጠ የሚጠብቃት ለዚህ ነው።

አሁን ውሻው በሌለ ጥንቸል ይጮኻል እንበል። አዳኙ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ይዞራል። አብረው የተለቀቁት ውሾች የያዙትን ዱካ ጥለው ወደ እሱ ይሮጣሉ። እዚያ ምንም የለም። ይሄ ሲደጋገም ማንም አያምነውም፣ ውሾቹም ጭምር።

የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የቢግል የመስክ ውድድር ደንብ ከመጠን ያለፈና አላስፈላጊ ጩኸትን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል። እዚያው ደንብ ላይ ግን ዱካውን እየተከተለ በቂ ድምፅ የማያሰማ ውሻም ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ ለፍላፊውን ውሻ ዱዳ ማድረግ ማለት አንዱን ጥፋት በሌላ መተካት ነው። የምንፈልገው ጠረን ሲያገኝ የሚናገር፣ ሲጠፋበት ዝም ብሎ የሚፈልግ ውሻ ነው።

መጀመሪያ፦ እውነት ያለ ዱካ እየጮኸ ነው?

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ውሻው የሚያሸተውን እኛ አናሸትም። ጥንቸል ስላላየን ብቻ «ዋሸ» ብለን ከፈረድን፣ የተሳሳትነው እኛ ልንሆን እንችላለን። ስለዚህ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ጥንቸሏ የት እንዳለፈች እናንተ በእርግጠኝነት የምታውቁበትን ሁኔታ ፍጠሩ።

በረዶ የሚጥልበት አካባቢ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ስስ በረዶ ላይ የጥንቸል ዱካ እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ሁለቱን ትናንሽ የፊት እግር ምልክቶች ከኋላ፣ ሁለቱን ረጃጅም የኋላ እግር ምልክቶች ደግሞ ከፊት ታገኟቸዋላችሁ። ስትዘል የኋላ እግሮቿ የፊቶቹን አልፈው ስለሚያርፉ ነው። የሄደችውም ትልልቆቹ ምልክቶች ወዳሉበት አቅጣጫ ነው። ከዚያ የውሻውን ዱካ ከጎኑ ተመልከቱ። ሲጮህ የነበረው የእሷ መስመር ላይ ነው ወይስ ምንም ባልረገጠው በረዶ ላይ? እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ፤ ነፋስ ጠረኑን ወደ ጎን ይገፋዋል። ውሻው ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ ቢሮጥ ውሸት አይደለም።

በረዶ ከሌለ ሌላ ዘዴ አለ። ጥንቸል መንገድ ወይም ክፍት ቦታ ስታቋርጥ ባያችሁበት ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ። ውሻውን በገመድ ይዛችሁ ወደዚያ አምጡና ልቀቁት። አንድ ጓደኛ ፊት ለፊት ቆሞ ጥንቸሏ የት እንደወጣች ቢጠቁማችሁ የበለጠ ጥሩ ነው። ይህን የምታደርጉበት ቀን ግን ይመረጥ። አየሩ ቀዝቀዝ፣ መሬቱ እርጥበት ያለው ይሁን። በሞቃት፣ በደረቅና ነፋስ በበዛበት ቀን ጠረን ቶሎ ስለሚጠፋ ጨዋው ውሻም ይደናገራል።

የውሻውን ሰውነት ማንበብም ልመዱ። እውነተኛ ጠረን ያገኘ ውሻ አፍንጫው መሬት ላይ ነው፣ ጅራቱ መወዛወዙን ያፈጥናል፣ ከዚያ ነው ድምፁ የሚከተለው። ወደፊትም ይራመዳል። ለፍላፊው ግን ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ዓይኑ ሌሎቹ ውሾች ላይ ወይም እናንተ ላይ ነው። አፉ ከአፍንጫው ይቀድማል።

መቼ እንደሚጮህ ለዩ

መድኃኒቱ የሚለያየው በዚህ ነው። ጥቂት ቀን ምንም ሳታርሙ አዳምጡ።

አንዳንዱ የሚጮኸው ሲለቀቅ ብቻ ነው። ከመኪና ወርዶ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በደስታ ያብዳል። ይሄ ቀላሉ ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወጣ ውሻ ላይ ይታያል። ደጋግማችሁ አስሩጡት፣ ከመልቀቃችሁ በፊትም በገመድ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አራምዱት። ሲረጋጋ እንጂ እየዘለለ ሳለ አትልቀቁት። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ጊዜ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል።

ሁለተኛው ዱካው ሲጠፋበት የሚጮኸው ነው። ጥንቸል ብልጥ ናት። በመጣችበት መስመር ትመለስና ወደ ጎን ትዘላለች፣ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ተለጥፋ ትቀመጣለች። ውሻው ደግሞ በሩጫው ኃይል ያልፋታል። ጥሩ ውሻ ጠረኑ እንደተቋረጠ ዝም ይላል። መጀመሪያ ጠረኑን ያጣበት ቦታ አጠገብ ጠበብ አድርጎ ይዞራል፣ ካላገኘ ክቡን ያሰፋል። ለፍላፊው ግን በጮኸበት አፍ እየጮኸ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወጣት ውሻ በጥቂት እርምጃ ቢያልፍ ይቅር በሉት። ርቆ ሄዶም ካላቆመ ግን ዋናው ሥራችሁ እሱ ነው።

ሦስተኛው አሮጌ ጠረን ላይ ተተክሎ የሚጮኸው ነው። ጥንቸሏ ሌሊት ያለፈችበት ቦታ ላይ ቆሞ ይለፈልፋል፣ ግን አንድ ሜትር ወደፊት አይሄድም። ጠረን መኖሩ እውነት ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። እዚህ ላይ አትቆጡት። ዝም ብላችሁ እለፉ፣ ካልተከተላችሁ በገመድ ይዛችሁ ውሰዱትና ትኩስ ጥንቸል ያለበት ቦታ ልቀቁት።

አራተኛው «እኔም አለሁ» ባዩ ነው። ሌሎቹ ስለጮኹ ይጮኻል። ራሱ ያሸተተው ነገር የለም። ከኋላ እየተከተለ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነው።

ብቻውን አስሩጡት

አንድ ነገር ብቻ ምከር ብትሉኝ ይህንን ነው የምለው። በመንጋ ውስጥ ፉክክር አለ። ፈጣን ውሻ ሲቀድመው ደካማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቦታውን ለማስከበር ይሞክራል። ለፍላፊነት ይጋባልም። ወጣት ውሻ ከለፍላፊ ጋር ከከረመ ያንኑ ይማራል።

ለጥቂት ሳምንታት ብቻውን አውጡት። ጥንቸል የሚበዛበት፣ ነገር ግን በጣም ያልተጨናነቀ ቦታ ምረጡ። ብቻውን ሲሆን የሚያታልለው ጓደኛ የለም። በከንቱ ቢጮህ ማንም አይመጣለትም። ጥንቸሏን ማግኘት የሚችለው በአፍንጫው ብቻ ነው። አንዳንዱ ውሻ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። «እኔም አለሁ» ባዩ ደግሞ ብቻውን ሲለቀቅ ጭራሽ ሥራ የማያውቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ችግሩ አፉ ሳይሆን አለመማሩ ነው፤ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

በዚህ ጊዜ መሣሪያ ይዛችሁ አትውጡ። ዓላማው ጥንቸል መግደል አይደለም። ደግሞም በብዙ አገር የአደን ወቅትና የጥንቸል መራቢያ ጊዜ በሕግ የተለየ ስለሆነ፣ ማሠልጠንም ቢሆን መቼ እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጩኸቱን አትሸልሙ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እዚህ ቃል በቃል ነው። ባለፈው ሳምንት ጥንቸል ያስነሣበት የቅርንጫፍ ክምር ጋ ሲደርስ ጠረን ባይኖርም መጮህ ይጀምራል። እናንተ ደግሞ «አገኘ!» ብላችሁ ሮጣችሁ ትሄዳላችሁ፣ ክምሩን በእግራችሁ ትመታላችሁ፣ ታበረታቱታላችሁ። ውሻው የተማረው ምንድን ነው? ሲጮህ ጌታው ይመጣል፣ ጨዋታ ይጀመራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጩኸት ላይ አትንቀሳቀሱ። ቁሙ። ድምፁ ወደፊት መሄድ ሲጀምር ብቻ ተከተሉት። ባለበት ከቀጠለ ፊታችሁን አዙራችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ መራመድ ጀምሩ። ዱካው ሲጠፋበት ለመርዳት ተንደርድራችሁ መግባትም ይቅር። እናንተ ስትጮኹ፣ ስታጨበጭቡ፣ «እዚህ! እዚህ!» ስትሉ ጭንቅላቱን ያነሣል፣ ግለቱም ይጨምራል። ሰው የሚለፈልፍበት ሜዳ ላይ ዝምተኛ ውሻ ማሳደግ ከባድ ነው። ለዱካው ጊዜ ስጡት። ዝም ብሎ ፈልጎ ጠረኑን መልሶ ሲይዝ እውነተኛው ሽልማት ሩጫው ራሱ ነው።

በምታውቁት መስመር ላይ አለማምዱት

የጥንቸል ቆዳ ወይም በጥንቸል ጠረን የተነከረ ጨርቅ ገመድ ላይ እሰሩና ሳር ላይ ጎትቱ። መቶ ሜትር ያህል ይበቃል። መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ በሌላ ቀን አንድ መታጠፊያ ይኑረው። መታጠፊያው ጋ ቆዳውን አንሥታችሁ ጥቂት እርምጃ ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና መሬት አስነኩት። አሁን ጠረኑ የት እንደሚቋረጥ በትክክል ታውቃላችሁ። በጫካ የማታገኙት ዕድል ይሄ ነው።

ውሻውን ደረት ላይ በሚታሰር ማሰሪያና አሥር ሜትር በሚሆን ገመድ ይዛችሁ አስጀምሩት። መስመሩ ላይ እየጮኸ ከሄደ ገመዱን ለቀቅ አድርጋችሁ ተከተሉት። ክፍተቱ ጋ ደርሶ መጮሁን ከቀጠለ ቁሙ፤ ገመዱም ይቁም። አትናገሩ። ሳብ ሳብ አድርጎ ይሞክራል፣ ይጮኻል፣ ዞሮ ያያችኋል። ጠብቁ። ዝም ብሎ አፍንጫውን መሬት ላይ እንዳደረገ ገመዱን ልቀቁለት። ጩኸት መንገድ ይዘጋል፣ ማነፍነፍ ይከፍታል። ቆዳው በስተመጨረሻ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ጨዋታው ትርጉም ያጣል።

ይህን አታብዙት። ተጎታች ቆዳ እውነተኛ ጥንቸል አይተካም፣ ውሻውም ይሰለቸዋል።

ሜዳ ላይ ማረም

ውሻው ያለ ዱካ እንደሚጮህ እርግጠኛ ስትሆኑ፣ በትክክል እርግጠኛ ስትሆኑ፣ ሄዳችሁ ገመድ አድርጉበት። «በቃ» ማለት ይበቃል። ሳትደበድቡ፣ ሳትሳደቡ ከሥራው አውጡት። አሥር ደቂቃ ያህል ዛፍ ሥር ወይም መኪና ውስጥ ይቀመጥ፤ ፀሐይ ካለ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሌሎቹ ሲሮጡ እየሰማ እሱ ታስሮ መቀመጡ ለአዳኝ ውሻ ከባድ ቅጣት ነው። ከዚያ እንደገና ልቀቁት። ደገመ? እናንተም ድገሙ። ጠቅላላው ጠዋት በዚህ ሊያልፍ ይችላል።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ግን ተዉት። አንድ የታለፈ ውሸት ጉዳት የለውም። እውነቱን ተናግሮ የተቀጣ ውሻ ግን ጥንቸል ማሳደዱን ሊተው ወይም ድምፅ ሳያሰማ መሮጥ ሊለምድ ይችላል። ያንን መመለስ ለፍላፊነትን ከማረም ይከብዳል።

ለዚህም ነው ሲጮህ በራሱ የሚነዝር አንገትጌ ለአዳኝ ውሻ በፍጹም የማይሆነው። መሣሪያው እውነተኛውንና የሐሰቱን ጩኸት አይለይም፤ ሁለቱንም ይቀጣል። በእጅ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ አንገትጌ የሚጠቀሙ አሠልጣኞች አሉ። እኔ ለጀማሪ አልመክርም። ጊዜው በሁለትና ሦስት ሰከንድ ከተዛባ ውሻው ሕመሙን ከጥንቸሏ ጋር ያያይዘዋል። ክልክል የሆነበት ቦታም አለ፤ ዌልስ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላዋለች።

ወደ ጓደኞቹ መመለስ

ብቻውን ሲሆን አፉና አፍንጫው ከተስማሙ፣ መጀመሪያ ከአንድ ውሻ ጋር ብቻ አገናኙት። ረጋ ያለ፣ ፍጥነቱ ከእሱ ጋር የሚመጣጠን፣ ዱካ ሲጠፋ ዝም የሚል ትልቅ ውሻ ይሁን። ፈጣን ውሻ ከሰጣችሁት ፉክክሩ ይመለሳል፣ ጩኸቱም አብሮት። ጠባዩ ካልተበላሸ ሌላ አንድ ውሻ ጨምሩ። ካገረሸበት ያለ ምንም ንዴት ወደ ብቸኝነቱ መልሱት።

የማይታረምም አለ። ለፍላፊነት በዘር ይወረሳል፤ ከሁለት ለፍላፊዎች የተወለደ ቡችላ ላይ የሚደረገው ድካም ብዙ ጊዜ ሙሉ ውጤት አይሰጥም። እንዲህ ያለውን ውሻ ብቻውን አሳድኑት ወይም ለቤት ጓደኝነት ይሁን፤ ለማራባት ግን አይሁን። ቡችላ ልትገዙ ከሆነ ሻጩ እናትና አባቱን ሜዳ ላይ፣ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ለቆ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ዱካው ሲጠፋ ድምፃቸው ይቆም እንደሆነ አዳምጡና ወስኑ።