ወታደሮቹ የት ገቡ?

የሦስት አገር የጥናት መረጃ በአንድ ቋት እያዋሃድኩ ነበር። የሥራ መለያው አይስኮ 08 ነው፤ 436 ባለአራት አሃዝ ኮዶች ያሉት የዓለም የሥራ ድርጅት ምደባ። ስጨርስ የአንዱ አገር ወታደሮች በሙሉ የሉም! አለቆቹ ግን በዝተዋል። ሁለት ቀን ሙሉ የትርጉም ስህተት ስፈልግ ባከንኩ።

ጥፋተኛዋ ዜሮ ናት። የጦር መኮንን ኮድ 0110 ነው። የሰንጠረዥ ፕሮግራሙ ቁጥር መስሎት የፊቷን ዜሮ ቀርጥፎ በላ፤ 110 ቀረ። የኔው ስክሪፕት (የጻፍኩት ትንሽ ፕሮግራም) ደግሞ ባለሦስት አሃዝ ሲያገኝ አራት እንዲሞላ ከኋላ ዜሮ ይጨምራል። 1100፣ የዋና ሥራ አስፈጻሚዎች ምድብ። ሹመት ያዳብር!

ከፊት ዜሮ ልጨምር ብዬ ነበር። አያዋጣም፤ የአንዳንዱ መላሽ ሥራ የምር በሦስት አሃዝ ብቻ ነው የተመዘገበው፤ ከፊት ዜሮ ቢጨመርለት ኮዱ ይበላሻል። ስለዚህ ወደ ጥሬው ፋይል ተመልሼ ዓምዱን እንደ ጽሑፍ አስነበብኩት። ወታደሮቹ ተመለሱ።