ባትሪው 12 ቮልት ካለ ሞልቷል ማለት ነው?

አክስቴ ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አላት። መብራት ሲጠፋ ሁለት አምፖልና ዋይፋዩን እንዲያቆይላት ብላ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-አወር (አምፒር-አወር የሚይዘው የቻርጅ መጠን ነው) ባትሪ አስገጠመች። ውሃ የማይጨመርበት፣ ድፍኑ፣ ገበያ ላይ ድራይ ባትሪ የሚሉት ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳን አይቆይም። አስለክቼው ነበር እኮ፣ 12 ቮልት አለው፣ ሙሉ ነው አሉኝ።»

ቅዳሜ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሄድኩና ራሴ ለካሁት። እውነትም ልክ 12.0 ይላል። ችግሩም እዚያው ቁጥር ላይ ነበር። 12.0 ላይ የቆመ ባትሪ ሊያልቅ የደረሰ ባትሪ ነው።

ባትሪው ላይ የተጻፈው 12 ቮልት የባትሪው ስም ነው ብላችሁ ያዙት። ውስጡ ስድስት ክፍል አለ። እያንዳንዱ ሲሞላ ከ2.1 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስድስቱ ሲደመሩ ወደ 12.8 ይመጣሉ። ስለዚህ ያረፈ ባትሪ 12.8 ወይም ከዚያ በላይ ካለ ሙሉ ነው። 12.5 ካለ ሦስት አራተኛው ገደማ አለ። 12.2 ወይም 12.3 ግማሽ ነው። 12.0 ሩብ ገደማ፣ 11.8 እና ከዚያ በታች ደግሞ ባዶ። ከፋብሪካ ፋብሪካ በ0.1 ቮልት ሊለያይ ይችላል፣ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አያችሁ፣ ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ርቀት 1 ቮልት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ባለ መርፌው ቴስተር እዚህ ላይ የማይረዳው። ነጥብ የሚያሳይ ዲጂታል መልቲሜትር ያስፈልጋችኋል፣ ርካሹም ይበቃል። መምረጫውን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት፣ ቀዩን ሽቦ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ ላይ። የአምፒር መለኪያው ቀዳዳ ውስጥ የተሰካ ሽቦ ይዛችሁ ባትሪ አትንኩ፣ ሾርት ያደርጋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ከላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች የሚሠሩት ላረፈ ባትሪ ብቻ ነው። ቻርጀሩን አሁን ነቅላችሁ ብትለኩት 13.2 ወይም 13.4 ሊላችሁ ይችላል፣ ደስ ይላችኋል፣ ግን ያ ቁጥር እውነተኛው አይደለም፤ ቻርጁ ገና ከላይ ከላይ ነው ያለው፣ ወደ ውስጥ አልሰረገም፣ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። አምፖል በርቶ እያለ ብትለኩት ደግሞ በተቃራኒው ካለው በታች ያሳያችኋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ማታ ቻርጀሩንም አምፖሉንም ሁሉንም ነቅዬ አድራለሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ምንም ሳልነካ እለካለሁ። ሌሊቱን መጠበቅ ካልቻላችሁ ቢያንስ 4 ሰዓት አሳርፉት።

ወደ አክስቴ ባትሪ ልመለስ። ለምን ሁልጊዜ 12.0 ላይ ይቆማል? ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ ቻርጀር ብለው ያገናኙላት የራውተር አዳፕተር ሆኖ አገኘሁት። ላዩ ላይ 12 ቮልት ይላል። ባትሪውም 12፣ አዳፕተሩም 12፣ ለገጠመው ሰው ልክ መስሎታል። ግን የቧንቧ ውሃ ግፊት ከሌለው ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ጋ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ቻርጅም ከባትሪው ከፍ ካላለ አይገባም። 12 ቮልት የሚሰጥ ነገር ባትሪን ከ12 በላይ ሊሞላው አይችልም። ሦስት ወር ሙሉ ሩብ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ትክክለኛው የመሙያ ቮልቴጅ ስንት ነው? ሁለት ቁጥር አለ። ባትሪው ሲሠራበት ወርዶ እንደገና ሲሞላ ከ14.4 እስከ 14.7 ቮልት ይፈልጋል። ከሞላ በኋላ ሁልጊዜ ተሰክቶ እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ ከ13.5 እስከ 13.8 ይበቃዋል። ጥሩ ቻርጀር ይህን በራሱ ይቀያይራል። 14.7 ላይ ለቀናት ትታችሁት ከሄዳችሁ ግን ውስጡ ጋዝ ይሠራል፣ በቫልቩ ይወጣል፣ ውሃው ይቀንሳል። ድፍን ስለሆነ መልሳችሁ ልትጨምሩበት አትችሉም። ክዳኑን በቢላ ፈልቅቀው ውሃ የሚጨምሩ አይቻለሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት።

ሶላር ያላችሁ ደግሞ መቆጣጠሪያው ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ ካለው ድፍን ባትሪ የሚለው ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ የተዘጋጀው ምርጫ አልፎ አልፎ ቮልቴጁን ወደ 15 ሊያደርሰው ይችላል፣ ያ ለድፍኑ ከባድ ነው።

አምፒሩም ልክ አለው። ለ7 አምፒር-አወር ባትሪ 0.7 አምፒር ምቹ ነው፣ ከ2 አምፒር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ትዕግሥትም ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይገባለታል፣ የመጨረሻዋ አንድ አምስተኛ ግን ሰዓታት ትፈጃለች። መብራት መጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ በሚጠፋበት ቀን ባትሪው አልሞላም፣ የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ ቢሆንም እንኳ።

ሌላው ነገር ሙቀት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ ግን ለባትሪ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ከላይ የሰጠኋችሁ የመሙያ ቁጥሮች ለ25 ዲግሪ ናቸው። ሁልጊዜ በተሰካ ባትሪ ላይ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ቮልቴጁ 0.02 ያህል መቀነስ አለበት፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በዚያው ልክ መጨመር። ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ በሚሆን ሱቅ ውስጥ 13.6 የነበረው 13.4 ይሁን። ደሴ ላይ በኅዳር ብርድ፣ ቤቱ 10 ዲግሪ ሲሆን፣ ወደ 13.9 ከፍ ይበል። ሙቀቱን የሚከታተል ቻርጀር ካላችሁ ራሱ ያደርገዋል። ከሌላችሁ ቢያንስ ባትሪውን ከጣሪያው አርቃችሁ መሬት አካባቢ፣ ነፋስ የሚያገኝበት አስቀምጡት። ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ስንት ሰዓት ያቆየኛል ለምትሉ፦ 12 ቮልት በ7 ሲባዛ 84 ዋት-አወር ነው። ባትሪው እንዲከርም ከፈለጋችሁ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ 42። ባለ 5 ዋት አምፖል ከሆነ 8 ሰዓት፣ 10 ዋት የሚወስድ ራውተር ከሆነ 4 ሰዓት ገደማ። እየሠራ ሳለ ከ10.5 ቮልት በታች እንዲወርድ ፈጽሞ አትፍቀዱ።

የአክስቴን ባትሪ በደህና ቻርጀር ሙሉ ቀን አስሞላሁት። አድሮ 12.7 አለ። እሰይ አልኩ። ግን ቮልት ብቻውን ጤናን አይናገርም፣ ስለዚህ ባለ 21 ዋት የመኪና የፍሬን አምፖል አበራሁበትና ቮልቴጁን እያየሁ ተቀመጥኩ። ጤነኛ የሆነ ሙሉ ባትሪ ይህን አምፖል ይዞ 10 ደቂቃ ከ12 በላይ ይቆያል። የእሷ በአምስተኛው ደቂቃ 11 ገባ። ሩብ ላይ ለወራት የቆየ ባትሪ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጠንካራ ክሪስታል ይጋገርበታል፣ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፣ አብዛኛው ደግሞ አይመለስም። ከዚህ የተለየ ምልክትም አለ፤ ሙሉ ሞልቶ አድሮ 10.5 አካባቢ የሚል ባትሪ ከስድስቱ አንዱ ክፍል ሾርት አድርጓል። ያበጠ ካያችሁ ደግሞ ቻርጅ አታድርጉት፣ ነቅላችሁ አውጡት።

አዲስ ልንገዛ አብረን ገበያ ወጣን። መልቲሜትሩን ይዤ ነበር። ባትሪ ሱቅ መደርደሪያ ላይም ቁጭ ብሎ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል፣ ብዙ ከቆየ ያው ሰልፌት ይጋገርበታል። የመጀመሪያውን ለካሁት፣ 12.3። መለስኩት። ባለ ሱቁ «አዲስ ነው እኮ» አለ፣ አዲስነቱን አልተጠራጠርኩም፣ ግን ግማሽ ላይ ምን ያህል ወር እንደተቀመጠ አላውቅም። ሁለተኛው 12.5። ሦስተኛው 12.9 አለ፣ አክስቴ እሱን አቅፋ ይዛ ወጣች።