አምፖሉን ይዛችሁ ሂዱ፦ የፊት መብራት ችግርና መፍትሄው

«የኮሮላ አምፖል አለ?» ብዬ ገባሁ። ልጁ የስንት ዓመት ኮሮላ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ኮፈኑን ስከፍት የገዛሁት ባለ ሦስት እግር፣ የእኔ ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት ቀዳዳ። ተመልሼ መርካቶ! ከዚያ ወዲህ የመኪናዬን ስም ጠርቼ አምፖል ገዝቼ አላውቅም።

አንዱ መብራት ብቻ ከጠፋ

አብዛኛውን ጊዜ አምፖሉ ነው። መብራቱን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ሃሎጅን፣ ማለትም የተለመደው ባለ ክር አምፖል፣ እጅ ያቃጥላል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ የጎማ ክዳኑን አውጡ፣ የሽቦ መያዣውን አላቁ። ውስጡ ያለው ክር ከተበጠሰ ወይም ብርጭቆው ከጠቆረ አለቀለት። ካልተማመናችሁ የሌላኛውን ጎን አምፖል አውጥታችሁ እዚህ ሞክሩት። እሱም ካልበራ ጥፋቱ የሶኬቱ ወይም የፊውዙ ነው። ብዙ ቶዮታዎች ለቀኝና ለግራ መብራት የተለያየ ፊውዝ አላቸው። የቀየራችሁት ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል ማለት ነው። አምፒሩ ከፍ ያለ ፊውዝ ሰክቶ መገላገል የለም፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

አጭሩ (ቅርቡን የሚያበራው) ጠፍቶ ረጅሙ (ሩቁን የሚያበራው) የሚሠራ ከሆነም አትደነቁ። ኤች 4 የሚባለው የአምፖል ዓይነት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር አለው። አንዱ ተበጥሷል፤ አምፖሉን መቀየር ነው።

ሁለቱም ባንዴ ከጠፉ

ሁለት አምፖል እኩል አይሞትም። ፊውዝ፣ ሪሌ (ማብሪያው ሲነካ ኤሌክትሪኩን ወደ መብራቱ የሚለቀው) ወይም ማብሪያው ነው። (አንዱ ከጠፋ ወር ሆኖት ሳታዩት ካልቀራችሁ በስተቀር። በእኔ ደርሷል።)

አዲሱ አምፖል አልገባ ካለ

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ዓመቱና የተሠራለት ገበያ ሲለያይ አምፖሉም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የተቃጠለውን አውጡና ታች ብረቱ ላይ ወይም ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ኤች 4 ሦስት እግር አለው፤ 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት ይላል። ኤች 7 ሁለት እግር፣ 55 ዋት። ኤችቢ 3 እና ኤችቢ 4 ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ 60፣ ሌላው 51 ዋት። ካርቶናቸው ላይ 9005 እና 9006 ተብሎ ሊጻፍም ይችላል። ኤች 8፣ ኤች 9 እና ኤች 11ም እንዲሁ ይመሳሰላሉ፤ ዋታቸው ግን 35፣ 65 እና 55 ነው። «ትንሽ ሞረድ ላድርግልህና ይገባል» የሚል ካጋጠማችሁ አምፖላችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ክሩ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ካለ ብርሃኑ ይበተናል።

ቮልቱንም እዩ። ለአይሱዙና ለመሳሰሉት የሚሆን 24 ቮልት ኤች 4 አለ፤ 75/70 ዋት ይላል። እግሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ትንሿ መኪናችሁ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ግን እንደ ሻማ ነው የሚበራው።

መኪናዋ ተጋጭታ ሙሉ መብራቷ ከሱማሌ ተራ፣ ከአሮጌ መለዋወጫ ገበያው፣ የተገዛ ከሆነስ? ያኔ መመሪያ መጽሐፉም አይታመንም። እሱ የሚያውቀው ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው የማይሆነውን አስገድዶ አስገብቶም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የመብራቱን ጀርባ ፈትሹ፤ የአምፖሉ ዓይነት ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀርጿል።

ቁጥሩ በ«ዲ» የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ዲ2ኤስ፣ ዜኖን ነው፤ ክር የለውም፣ በጋዝ ነው የሚበራው። ሲነሳ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚተኩስ ለኤሌክትሪሺያን ተዉት።

ወር ሳይሞላው ከተቃጠለ

ብርጭቆውን በእጃችሁ ነክታችኋል? የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው በላይ ይግላል። በንጹህ ሶፍት ያዙት፤ ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት። ተጠንቅቃችሁም ከተቃጠለ ሞተር አስነስታችሁ ባትሪው ላይ ቮልት ለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ጤነኛ ነው። ከ15 ካለፈ ዲናሞውን አሳዩ።

«ደመቅ ይበል» ብለው 100/90 ዋት የሚገጥሙም አሉ። የፋብሪካው አምፖል 5 አምፒር ገደማ ሲስብ ይሄኛው ከ8 በላይ ይስባል። ሶኬቱ ቀልጦ ሲሸት ነው የሚታወቃቸው።

በርቶም መንገዱ ካልታየ

መስታወቱ ቢጫ ሆኖ ከሆነ አምፖል አይረዳችሁም፤ በፖሊሽ ይወለወል። ደብዘዝ ካለና ረጅሙና አጭሩ ከተቀላቀለባችሁ ከቦዲው ጋር የታሰረውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ሽቦ ፈትሹ፤ ዝጎ ወይም ላልቶ ይሆናል። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ መግጠም እኔ አልወድም። ነጭ ስለሆነ የበራ ይመስላል፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ግን ያሳውራል።

ከጃፓን ገበያ የመጣ መብራት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። እነሱ በግራ ነው የሚነዱት፤ የአጭሩ ብርሃን ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ እንዲል ተሠርቷል። በእኛ መንገድ በግራ ያለው ከፊት የሚመጣው መኪና ነው። ማታ ጥቂት ሜትር ርቃችሁ ግድግዳ ፊት ቁሙና አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ መስመር ወደ ቀኝ ከፍ ካለ ደህና ነው። ወደ ግራ ከፍ ካለ አምፖል አትግዙ፤ መቀየር ያለበት ሙሉ መብራቱ ነው።