ለትምህርት ቤት የተያዘ ቦታ ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ ነዋሪዎች እንዴት መጠየቅ ይችላሉ?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳም ሆነ በየካ አባዶ፣ ነዋሪው ቤቱን ተረክቦ ከገባ በኋላ ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ በፕላን የተያዘው ባዶ ቦታ የብዙ ፈላጊ ዓይን ያርፍበታል። ቦታውን ለልጆቹ ለማቆየት በስብሰባ ላይ ከሚሰማ ምሬት ይልቅ ፕላን ጠቅሶ በወቅቱ የሚቀርብ የጽሑፍ ጥያቄ የተሻለ አቅም አለው።

አስቀድማችሁ ሰፈራችሁ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አረጋግጡ። በ2014 ዓ.ም. ከተማው ከኦሮሚያ ክልል ጋር የሚዋሰንበት ወሰን በስምምነት ስለተወሰነ፣ የአንዳንድ ሰፈሮች ጉዳይ የሚታየው በክልሉ በኩል ነው።

ቀጥሎ ፕላኑን በዓይናችሁ እዩ፤ ከሥራው ሁሉ ይህ ይበልጣል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የመላ ከተማውን መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለይቶ ያስቀምጣል፤ የአንድን ሰፈር ቦታ በዝርዝር የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። በፕላን ጽሕፈት ቤት ካርታው ሲዘረጋ ቦታው የተቀባበትን ቀለም በኅዳጉ ካለው መግለጫ ጋር አመሳክሩ፤ አዋሳኞቹንም ጻፉ። አገልግሎቱ ተለውጧል ከተባላችሁ፣ ማን፣ መቼና በየትኛው ውሳኔ እንደለወጠው በትሕትና ግን ሳታፈገፍጉ ጠይቁ።

ከዚያ የትምህርት ቤቱን ፍላጎት በቁጥር አስረዱ። በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ፣ ትምህርቱ በፈረቃ እንደሚሰጥና ሕፃናቱ የትኛውን አስፋልት እንደሚያቋርጡ አጣሩ። የአገሪቱ መለኪያ ለመጀመሪያ ደረጃ በክፍል 50 ተማሪ ስለሆነ፣ የእናንተን ቁጥር ከጎኑ አስፍሩት።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። ለምሳሌ በንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ላይ ቅሬታ ያለው ነዋሪ ጥቂት አይደለም፤ ቅሬታውም ሊደመጥ ይገባል፤ ነገር ግን በዚሁ ወረቀት ላይ ከተደባለቀ መልስ ሰጪው ለቀላሉ መልስ ሰጥቶ ዋናውን ይተወዋል። ለግንባታው በጀት እንዲያዝ የምትጠይቁ ከሆነ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ዝግጅቱ ሳይጠናቀቅ በበጋው ወራት አድርሱት።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ጉዳዩ ለሚመለከተው ተቋም መዝገብ ቤት ስጡ፤ በቀሪው ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ሳይሰፍርበት አትመለሱ፤ ኋላ “አልደረሰንም” ለሚል መልስ ማስረጃችሁ እርሱ ነው። መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ዝምታ ከበዛ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ለዚያው ተቋም ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቅርቡ፤ ለሁለቱም ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ፎቶ ኮፒ አያይዙ።