ብርቅ ወፍ ስትመጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ከስኮትላንድ በስተምዕራብ በምትገኘው በሃሪስ ደሴት አንዲት እንግዳ ወፍ ታየች። ስሟ ዋይት-ትሮትድ ኒድልቴይል ነው፤ እስያ ተፈልፍላ አውስትራሊያ ድረስ የምትወርድ፣ በአየር ላይ ነፍሳትን እየቀለበች የምትኖር ፈጣን በራሪ። ብሪታንያ ውስጥ ከ1991 ወዲህ አልታየችም ነበርና ወፍ ተመልካቾች ከሩቅ ገስግሰው መጡ። ዓይናቸው እያየ ከአንዲት የንፋስ ተርባይን ጋር ተላትማ ወደቀች።

በእሷ ሞት ከተመልካቾቹ ማንም አይወቀስም። ታሪኩ ትዝ ባለኝ ቁጥር የሚከነክነኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ ለእኛ በዓል የሆነችው ወፍ ለራሷ መንገድ የጠፋባት፣ ስንቋን የጨረሰች መንገደኛ ናት። ይህን ስንዘነጋ የምናጠፋው ብዙ ነው።

ካልሸሸች ለምዳናለች ብሎ መጠጋት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሚሳሳቱትም ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። ብላክፖል ዋርብለር የምትባለውን ትንሽ የሰሜን አሜሪካ ወፍ እንውሰድ። በአዘቦት ቀን ክብደቷ 12 ግራም ገደማ ነው፤ አትላንቲክ ውቅያኖስን ለማቋረጥ ስትዘጋጅ ግን እየበላች ስብ ታከማችና ከ20 ግራም ታልፋለች። ስንቋ ያ ስብ ነው። ማዕበል ገፍቶ ያላሰበችበት ቦታ ከጣላት ስቡ ያልቅና የገዛ ጡንቻዋን ማቃጠል ትጀምራለች።

የደከመች ወፍ የሚቀበሉ ተንከባካቢዎች ቀድመው የሚያዩት ደረቷን ነው። ላባውን በትንፋሻቸው እፍ ብለው ይገልጡና የደረት አጥንቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ። አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ሥጋው አልቋል ማለት ነው። እንዲህ የሆነች ወፍ ሦስት ሜትር ላይ ቆመው ካሜራ ቢደግኑባትም ላትነሣ ትችላለች። ለመብረር የሚሆን አቅም ቆጥባ ነው እንጂ ወድዳዎት አይደለም። አንዳንዷ ደግሞ ሰው ከማይኖርበት አገር የመጣች ስለሆነች ምን እንደሆንን ገና አላወቀችም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? መልቀሟን ታቆማለች፣ አንገቷን ቀጥ ታደርጋለች፣ ላባዋን ወደ ገላዋ ታጣብቃለች፣ ከዚያ ባለችበት ድርቅ ትላለች። ይህን ሲያዩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ፤ እንደገና መልቀም ስትጀምር ትክክለኛውን ርቀት አገኙት ማለት ነው። ቢኖኩላርም ረጅም ሌንስም የተሠሩት ለዚህ ነው። «አንዴ ብቻ ትነሣልኝና ክንፏን ልየው» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ አንዴ ይበል እንጂ፣ ከኋላው የቆሙት ሃያ ሰዎችም እያንዳንዳቸው አንዴ ይላሉ።

የተቀዳ ዝማሬ ማጫወት

ስልክ ላይ የወፏን ድምፅ ከፍቶ ከቁጥቋጦ ማውጣት ቀላል ነው። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ይወጣል፣ ይዘምራል፣ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን የለም። ምግብ ሊፈልግበት የሚገባውን ሰዓት ለጥላ ጠብ አዋለው ማለት ነው። ብርቅ እንግዳ ላይ ጭራሽ አይሞከር።

ቦታውን ሳያስቡ ማሰራጨት

እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። ግማሾቹ «ሁሉም ይደበቅ» ይላሉ፤ ግማሾቹ የጂፒኤስ ነጥቡን በደቂቃ ውስጥ ይለቁታል። ለእኔ መልሱ ያለው በቦታው ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 1989 በእንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ሜድስቶን አካባቢ፣ ብሪታንያ ውስጥ ታይታ የማታውቅ የአሜሪካ ወፍ፣ ጎልደን-ዊንግድ ዋርብለር ተገኘች። ወሬው ሲሰማ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። ቦታው ግን የሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያና የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ነበር፤ አስፋልት ሕዝብ ይችላል። ያው ሕዝብ አንዲት ጠባብ ማሳ ዳር ባለ አጥር ላይ ቢፈስ ኖሮስ? ሣሩ ይረገጣል፣ የባለመሬቱ በር ይዘጋል፣ ወፏም መጠለያዋን ታጣለች።

ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት ሰው የት ይቆማል፣ መኪናው የት ይቆማል፣ ባለቤቱ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁ። ጎጆ የሠራች ብርቅ ወፍ ከሆነች ደግሞ ክርክርም የለው፤ ዝም ማለት ነው። ኢበርድ የተባለው የወፍ መመዝገቢያ እንኳን በቀላሉ የሚጎዱ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ አያሳይም።

ለፎቶ ሲባል መመገብ

ጉጉት መንገድ ዳር እንድትወርድ አይጥ የሚለቁ ሰዎች አሉ። ፎቶው ያምራል። ጉጉቷ ግን መንገድ ዳር ምግብ እንዳለ ትማራለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ነው።

ይዞ ወደ አገሯ መመለስ

በኤፕሪል 2018 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ግሬት ብላክ ሆክ ታየ፤ ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና የሚኖር ትልቅ አዳኝ ወፍ ነው። በኦገስት እጅግ ርቃ በሰሜን በምትገኘው ሜይን ግዛት እንደገና ብቅ አለ። ያው ወፍ መሆኑ የታወቀው በሁለቱም ቦታ የተነሡትን ፎቶዎች በማመሳከር፣ በክንፉ ሥር ካለው የላባ መልክ ነው። ከዚያ ፖርትላንድ ከተማ ገብቶ ዲሪንግ ኦክስ ፓርክ ውስጥ ሽኮኮ እያደነ ከረመ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 በረዶ ላይ ወድቆ፣ እግሮቹን ውርጭ መትቷቸው ተገኘ። ታከመ፤ አልዳነም፤ ጃንዋሪ 31 ቀን ሥቃዩ እንዲያጥር ተደረገ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ «ቀድሞ ተይዞ በአውሮፕላን ለምን አልተላከም?» ይባላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ጤነኛ ወፍ ማጥመድ ራሱ ሊገድል ይችላል፤ በሽታም ከአገር አገር ያሻግራል። የመጣች ሁሉ ትሞታለች ማለትም አይደለም። ደቡባዊው የዓለም ክፍል መኖሪያዋ የሆነች አንዲት ብላክ-ብራውድ አልባትሮስ በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ቤምፕተን ገደል ላይ ሰንብታ በ2022 ተመልሳ መጥታለች። ክንፏ ከተሰበረ ወይም መቆም ካቃታት ግን ጊዜ ሳያጠፉ ፈቃድ ላለው ተንከባካቢ ይደውሉ፤ እስኪመጣም ውኃ በአፏ አያንቆርቁሩ።

ከሞተች በኋላ ትቶ መሄድ

በማርች 2004 እንግሊዝ ውስጥ ግሪምስቢ ከተማ የመጣችውን አሜሪካን ሮቢን ሰዎች ቆመው እያዩ ጭልፊት በላት። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው አፍሮም አዝኖም ይበተናል። ሬሳ ከተገኘ ግን በባዶ እጅ አይንኩት፤ የወፍ ጉንፋን አለ። ላባ ነቅሎ ለማስታወሻ መውሰድም አይገባም፤ አሜሪካን በመሰሉ አገሮች በሕግ ያስጠይቃል። ለሙዚየም ወይም ለሚመለከተው ክፍል ያሳውቁ። ላባው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ላባው ሲያድግ የነበረበትን አካባቢ ውኃ አሻራ ስለሚይዝ፣ ወፏ ከየት አካባቢ እንደተነሣች መገመት ይቻላል። ለዚህ ደግሞ የት እንደወደቀች መታወቅ አለበት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በወረቀት ጽፈው ከሬሳው ጋር ያኑሩ፤ ሲጽፉ በእርሳስ ይሁን፣ የእስክርቢቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል።